ኮር አይ7 ነው ሲሏችሁ አትቸኩሉ፤ አዳማ ላይ የጌም ኮምፒውተር አመራረጥ

አዳማ ላይ አንድ ኮምፒውተር ሱቅ ገብታችሁ «ለጌም የሚሆን እፈልጋለሁ» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ይሄ ኮር አይ7 ነው ወንድሜ፣ የማያጫውተው ጌም የለም።» ሻጩ የግድ እየዋሸ አይደለም። ግን ኮር አይ7 የሚለው የፕሮሰሰር ስም ብቻውን ስለ ጌም ምንም አይነግራችሁም። ጌሙን በዋናነት የሚሸከመው ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው። አዳማ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ሙቀቱ። አዲስ አበባ ላይ ጸጥ ብሎ ይሠራ የነበረ ላፕቶፕ ሚያዝያ ላይ አዳማ ሲመጣ ጸባዩ ይቀየራል። እዚህ የማተኩረው በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ሌላውን እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ፣ ባለፈው ወር የሰማችሁት የኮምፒውተር ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ከ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወዲህ ደግሞ ራምና ኤስኤስዲ በዓለም ገበያ ተወደዋል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት አራት የቴሌግራም ሻጮችን ዋጋ በዕለቱ አይታችሁ ውጡ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጌሞቹን ጻፉ

በኮምፒውተር የምትጫወቷቸውን ጌሞች ስልካችሁ ላይ ጻፉና ዘርዝሩ። ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ የጎመጃችሁትን ሁሉ አይደለም። በእርግጥ የምትጫወቱትን ብቻ። ከዚያ የየጌሙን ዝቅተኛና የሚመከር መስፈርት ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ፣ እዚያ ከሌለ በጌሙ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ። ጌሙን ባትገዙም ገጹን ማንም ማየት ይችላል።

ማይንክራፍት፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ ቫሎራንትና የድሮዎቹ ጂቲኤዎች ቀላል ናቸው። ደህና ፕሮሰሰር ካለ፣ ተለይቶ የተገጠመ ካርድ ባይኖርም ዝቅ ባለ ሴቲንግ ይሄዳሉ። ካውንተር ስትራይክ 2፣ ፎርትናይትና ጂቲኤ 5 መካከለኛ ናቸው። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ነው። የመጀመሪያው እትሙ ዛሬ አሮጌ በሚባል ካርድ ላይም ደህና ይጫወታል።

ሰው የሚሸወደው ኳሱ ላይ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ፒኤስ 4 ላይ ስለሚጫወቱት ቀላል ይመስላቸዋል። ከፊፋ 23 ጀምሮ ግን ለኮምፒውተር የሚወጣው ከፒኤስ 5 ጋር አንድ የሆነው ከባዱ እትም ነው። ኢኤ ኤፍሲ 24 (የፊፋ ተከታይ) ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋ ካርድና 100 ጊጋ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ይህ ገና ዝቅተኛው ነው። ፊፋ 22ና ከዚያ በፊት ያሉት በጣም ይቀላሉ። የምትፈልጉት ከጓደኛ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጦ በጆይስቲክ ኳስ መጫወት ብቻ ከሆነ፣ ያገለገለ ፒኤስ ይሻላችኋል። እዚሁ ላይ ማንበብ ብታቆሙም አይከፋኝም።

ደረጃ 2፦ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ

ቤታችሁ ቋሚ ቦታ ካላችሁ ዴስክቶፕ ግዙ። በተመሳሳይ ብር የተሻለ ጉልበት ታገኛላችሁ። ሙቀት የማስወጣት አቅሙም ይበልጣል። አንድ ክፍል ቢበላሽ ያንኑ ብቻ ትቀይራላችሁ።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ለሚኖር ተማሪ ግን ምርጫው ላፕቶፕ ነው። ክረምት ላይ ይዞት ወደ ቤተሰብ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋም ወዲያው አይጠፋበትም። ገንዘቡን የሚከፍሉት አባት ከሆኑ ደግሞ አንድ እውነተኛ መከራከሪያ አለ። ሶሊድወርክስና አውቶካድ ለመሥራትም ደህና ግራፊክስ ካርድ ይጠቅማል። ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ይህን ቢናገር አልዋሸም።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብር ላጠረው ሰው የምመክረው እሱን ነው። ከውጭ ቢሮዎች ተጠቅመውባቸው የሚመጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ዴስክቶፖች አሉ። ጠንካሮች ናቸው፣ ዋጋቸውም ከአዲስ ጋር አይወዳደርም። እነሱን ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ጥንቃቄው ሳጥኑ ላይ ነው። ቀጭኑን ሳይሆን ሰፊውን፣ ታወር የሚባለውን ምረጡ። በቀጭኑ ውስጥ የሚገባው አጭር ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሳፕላዩም (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 255 ዋት ብቻ ነው። ሶኬቱ የራሱ የፋብሪካው ስለሆነ ከገበያ በተገዛ ተራ ፓወር ሳፕላይ አይተካም።

ደረጃ 3፦ ግራፊክስ ካርዱ

ካላችሁ ብር ከሲሶው እስከ ግማሹ እዚህ ላይ ቢውል አይብዛባችሁ። ሌላውን መቀነስ ይቻላል፣ ይህን ቀንሶ ግን ጌም የለም።

መጀመሪያ ከአንድ የቁጥር ጨዋታ ተጠንቀቁ። ሻጩ «ግራፊክሱ 8 ጊጋ ነው» ይላችኋል። ስክሪኑ ላይም ያሳያችኋል። እውነትም 8 ጊጋ ይላል። ግን ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ከራሙ ሊያበድር የሚችለውን ደምሮ ነው የሚያሳየው። እናንተ የምትፈልጉት ዴዲኬትድ የሚለውን መስመር ነው። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ፣ ፐርፎርማንስ ገብታችሁ፣ ጂፒዩ የሚለውን ተጫኑ። ዴዲኬትድና ሼርድ ተለያይተው ይታያሉ። ዴዲኬትዱ 128 ሜጋ ብቻ ከሆነ፣ ያ ማሽን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም።

አሁን ወደ ስሞቹ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ረክሷልም። አምራቹ ኤንቪዲያ ግን ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከአዳዲስ ጌሞች ጋር የሚያስማማ ሶፍትዌር) ማውጣቱን በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ አቁሟል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ጂቲኤክስ 1650 ይሻላል። እሱ ድራይቨር ማግኘቱን ቀጥሏል። የኃይል ፍጆታው 75 ዋት ነው፤ አብዛኞቹ ሞዴሎቹም ከፓወር ሳፕላዩ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። ለነዚያ የቢሮ ዴስክቶፖች የሚስማማው ለዚህ ነው። ከሱ ከፍ ሲል አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አለ። 70 ዋት ብቻ ነው፣ እሱም ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። እኔ ለቢሮ ዴስክቶፕ የምመርጠው እሱን ነው።

ከዜሮ የምትገጣጥሙ ከሆነ አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋ፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ወይም አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ ፈልጉ። ለሁለቱ አርቲኤክሶች ኤንቪዲያ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። በጣም ርካሽ የሆኑ ፓወር ሳፕላዮች ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለው ይሁን።

አርኤክስ 580 ስትገዙ ሙሉ ስሙን አንብቡ። 2048 ኤስፒ የሚል ከተቀጠለበት ስሙ እንጂ ጉልበቱ የ580 አይደለም። ጉልበቱ የአርኤክስ 570 ነው። በ570 ዋጋ ከሰጧችሁ ውሰዱት፣ ችግር የለውም።

የላፕቶፕ ካርዶች ሌላ ጣጣ አላቸው። ሁለት ላፕቶፖች ላይ አርቲኤክስ 4060 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንዱ ለካርዱ 45 ዋት ብቻ ይሰጠዋል፣ ሌላው 115 ዋት። ስሙ አንድ፣ ፍጥነቱ ሰማይና ምድር። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ስትከፍቱ ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር የሚል መስመር አለ። ሁለት ላፕቶፕ ስታወዳድሩ ያንን ቁጥር አወዳድሩ።

ደረጃ 4፦ ፕሮሰሰሩን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ አንብቡ

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል። 4790 ማለት አራተኛ ትውልድ ነው፣ 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ይናገራል። ዩ ከሆነ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የተሠራ ቀጭን ላፕቶፕ ነው። ኤች ከሆነ ጉልበት አለው። ኤፍ ከሆነ አብሮት የሚመጣ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልገጠማችሁ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮር አይ7 7500ዩ የሚባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚከፋፈል ክፍል) ብቻ ነው። ኮር አይ3 12100ኤፍ 4 ኮር አለው፤ ጌም ላይ ከሱ ጋር አይገናኙም። አይ3 ያለው አሸነፈ ማለት ነው። ለዛሬ ጌም ቢያንስ 4 ኮር፣ ቢቻል 6 ኮር ያለው ይሁን። ኮር አይ5 10400ኤፍና ራይዘን 5 5600 ጥሩ ምርጫዎች ናቸው።

ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ባትወርዱ ጥሩ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የማሽኑ የደህንነት መቆጣጠሪያዎች ካልበሩ አይከፈትም። አሮጌ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11ን በጓሮ በር አስገብተው የሚሸጡ አሉ። ዊንዶውሱ ይሠራል፣ ጌሙ እንቢ ይላል።

ደረጃ 5፦ ራምና ኤስኤስዲ

16 ጊጋ ራም ይበቃል፣ 8 ጊጋ ይጨንቃል። አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን። ተለይቶ የተገጠመ ካርድ ለሌለው ማሽን ይህ ልዩነት በጣም ይታያል።

ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፣ ቢያንስ 512 ጊጋ። ካውንተር ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋ ይጠይቃል። 256 ጊጋ ላይ ዊንዶውስና ሁለት ጌም ከጫናችሁ አለቀ።

ደረጃ 6፦ የአዳማን ሙቀት አስቡበት

ይሄኛውን ብዙ መመሪያ አይጽፈውም፤ ምክንያቱም የሚጻፈው ለቀዝቃዛ አገር ነው።

ኮምፒውተር ራሱን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው። ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲጨምር ውስጥ ያለው ቺፕም ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር 95 ወይም 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቫይረስ ነው ብሎ ዊንዶውስ የሚያስለውጥ ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሙቀቱ ነው።

ከፍታውም አለ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ቢብስም ብርዷ ይክሳታል። እኛ ጋ የሚክስ ነገር የለም።

አቧራው ደግሞ ከነፋሱ ጋር ነው። አዳማ አካባቢ 51 ሜጋዋትና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ የላፕቶፑን መተንፈሻ ይደፍናል።

ስለዚህ ስትመርጡ እጅግ ቀጭን የሆነ የጌም ላፕቶፕ አትግዙ። ወፈር ያለው፣ ከኋላም ከጎንም የአየር መውጫ ያለው ይሻላል። ዴስክቶፕ ከሆነ የሳጥኑ ፊት በመስታወት የተዘጋ አይሁን፤ ወንፊትና የሚወልቅ የአቧራ ማጣሪያ ይኑረው። መብራት የሚያብለጨልጩ ፋኖች ያምራሉ፣ ግን ከውበቱ በፊት አየር የሚገባበት ቀዳዳ መኖሩን እዩ።

ቤታችሁ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከባድ ጌም ባትጫወቱ ይሻላል። ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ፤ ከኋላው በኩል በሆነ ነገር ከፍ አድርጉት። የጌሙን ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ የሚሠራውን የምስል ብዛት፣ 60 ላይ ገድቡት። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ከሆነ ከዚያ በላይ የሚሠራው ሙቀት ለመፍጠር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ ብታወርዱት ቱርቦው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት፣ ይጠፋል። ሙቀቱ በደንብ ይወርዳል፣ ብዙ ጌም ላይ ልዩነቱን አታስተውሉትም።

በየጥቂት ወሩ አቧራውን አስነፉ። ጎማ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉ። ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ ውኃም ያዘለ ነው። በትንሽ ብሎወር ስትነፉም ፋኑን በጣት ያዙት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ይበላሻል።

ደረጃ 7፦ መብራት

ዴስክቶፕ ከገዛችሁ ዩፒኤስን (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ) ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡ። ባለ 650 ቪኤው ብዙ ጊዜ ወደ 360 ዋት ገደማ ይሰጣል። ጂቲኤክስ 1650 ላለው ዴስክቶፕ በቂ ነው። ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል እንጂ ጨዋታ አያስጨርስም።

መብራት ሲጠፋ ከዲቫይደሩ ላይ ንቀሉ። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ ትንሽ ይረጋጋ። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ባትሪ ላይ የጌሙ ፍጥነት መውረዱ አያስደንግጣችሁ። ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከቻርጀር ነው።

ደረጃ 8፦ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት

ሱቅ የምትሄዱበትን ሰዓት ምረጡ። ጠዋት አትሂዱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሂዱ። ማሽኑ በዚያ ሙቀት የሚያሳየው ጸባይ ቤታችሁም የሚያሳያችሁ ነው።

በፍላሽ ሦስት ነፃ ፕሮግራሞች ይዛችሁ ሂዱ፤ ጂፒዩ ዚ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎና ኤችደብሊው ኢንፎ። ጂፒዩ ዚ የካርዱን እውነተኛ ማንነት ያሳያል። አሮጌ ቺፕ ላይ 1050 ቲአይ የሚል ስም ተጭኖባቸው የሚሸጡ ካርዶች አሉ። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ስሙ ፊት ለፊት ፌክ የሚል ይጽፍበታል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የዲስኩን ጤንነት በመቶኛና ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። «ብዙም ያልተነካ» ተብሎ 20,000 ሰዓት ካነበባችሁ፣ ዋጋ መቀነሻ አገኛችሁ።

ከዚያ ሙቀቱን የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎን ከፍታችሁ አንድ ከባድ ጌም ለ20 ደቂቃ አስኪዱ። ጌም ከሌለ ፈርማርክ የሚባለው የግራፊክስ ካርድ መፈተኛ ይሠራል። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ወይም ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ከታየ ተዉት። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሥራ አለብን እኮ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አስፈትሾ የሚሸጥ ሌላ ሱቅ አለ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት። 20 ቮልት በ11.5 አምፒር 230 ዋት ነው። የጌም ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 150 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 65 ዋት ቻርጀር ከሰጧችሁ ኦሪጅናሉ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ኦሪጅናሉን አግኝቶ መግዛት ደግሞ ውድ ነው።

ማሽኑን ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። አብዛኛው ዴል በኤፍ2፣ ኤችፒ በኤፍ10 ይገባል። ፓስወርድ ከጠየቀ አትግዙ። ከውጭ ድርጅት የወጣ ማሽን ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል፣ መክፈቱም ቀላል አይደለም። ማጠፊያውን፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ፣ ሶኬቶቹንም ሁሉ ሞክሩ። ደረሰኙ ላይ የማሽኑ ሲሪያል ቁጥርና የጋራንቲው ጊዜ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ጋራንቲ ሻጩ ስልኩን ባላነሳ ቀን ያበቃል።

ደረጃ 9፦ ስክሪንና ወደ ቤት መውሰድ

አሮጌ ሞኒተር ቤት ካላችሁ ሶኬቱን እዩ። ያለው ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከላይ የጠቀስኳቸው የኤንቪዲያ ካርዶች ቪጂኤ መውጫ የላቸውም፤ መለወጫ ያስፈልጋችኋል። ቤት ስትገጥሙ ደግሞ የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩት፣ ከላይ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቀዳዳ አይደለም። «ካርድ ገዝቼ ምንም ለውጥ የለም» ከሚሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው ችግሩ ይሄ ነው።

ለተኩስ ጌም 144 ኸርዝ ስክሪን ደስ ይላል። ለኳስና ለጂቲኤ 60 ኸርዝ ይበቃል፤ ብሩን ካርዱ ላይ ጨምሩት።

ከአዲስ አበባ ዴስክቶፕ የምታመጡ ከሆነ ከመጓዛችሁ በፊት ግራፊክስ ካርዱን አስነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። ፈጣን መንገዱ ላይ ምንም አይሆንም፤ ችግሩ ከመናኸሪያ እስከ ቤት በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ያለው ነው። ከባድ ካርድ በመንቀጥቀጡ ማስገቢያውን ሊሰብረው ይችላል።

ደረጃ 10፦ ጌሙን ማስገባት

ሱቅ ውስጥ «20 ጌም ጭነን እንሰጣለን» ሲሏችሁ አይከጅላችሁ። ብዙዎቹ የሚጫኑት የዊንዶውስ መከላከያ ጠፍቶ ነው፤ ከጌሙ ጋር ምን እንደገባ አታውቁም። ዊንዶውሱን ባዶ አድርጋችሁ ተቀበሉ።

100 ጊጋ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ጌሙን ስቲም ላይ የገዛ ጓደኛ ካላችሁ፣ እናንተም አካውንታችሁ ላይ ካለ፣ ከሱ ኮምፒውተር ስቲምአፕስ ውስጥ ኮመን ከሚለው ፎልደር የጌሙን ፎልደር በኤክስተርናል ሃርድ ኮፒ አድርጉ። እናንተ ማሽን ላይ በዚያው ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ ስቲም ላይ ኢንስቶል በሉት። ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።